ቧንቧው በአንቺ በኩል ቀረ

ለወለተ ኪዳን፣ በቁርባን ላገባኋት ባለቤቴ፤ ከቢቸና፣ አብረን ካረጀንበት ቤት።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ግቢያችን ለሁለት ተከፍሎ በውሃ መስመር ምክንያት የሰፈር መነጋገሪያ ሆኗልና፣ የሆነውን ከእኔ ከራሴ እንድትሰሚው ነው። ሁለተኛው፣ ዘመኔን ሁሉ የጠራሁሽን ስም ትቼ በክርስትና ስምሽ የምጽፍልሽ ለምን እንደ ሆነ ላስረዳሽ ነው። የምጽፈው በግልጽ ነው። ነገሩ የተነገረው በአደባባይ ነበርና መልሱም በጓዳ ሊሆን አይገባም።

ሙት ዓመትሽ አልፎ ሌላ ክረምት ገብቷል። ቤቱ ደኅና ነው። በምሥራቅ በኩል ያፈስስ የነበረውን ጣራ አስጠግኜዋለሁ። እንዝርትሽን ከግድግዳው ላይ አላወረድሁትም፤ የጀመርሽው ፈትል እንደ ተጠመጠመበት አለ። ጤና አዳምሽ ከበሩ አጠገብ በዝቶ የሚገባውን ሰው ሁሉ ልብስ ይነካል። ጉባኤዬን እንደ ቀድሞው አስተምራለሁ፤ ድምፄ ግን ወርዷል። ካህናቱ እርጅና ነው ይሉኛል። እኔ ግን ቤት ውስጥ የምጠራው ሰው ስለሌለኝ ይመስለኛል።

ታስታውሽ እንደ ሆነ፣ እኔ ስፈልግሽ ከመደቡ ላይ ሆኜ እጠራሽ ነበር እንጂ ወጥቼ አልፈልግሽም ነበር። ደብረ ወርቅ ድጓ ስማር ዜማ ያሰፋው ጉሮሮ ነውና፣ ስጠራሽ ከጓሮ አልፎ እስከ መንገዱ ይሰማል። አንቺ ደግሞ አንዴ ተጠርተሽ አትመጪም። ቧንቧው ሥር ካለችው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለሽ፣ ውሃው እንስራውን ሲሞላ እያየሽ፣ ደግሜ እስክጠራሽ ትጠብቂኛለሽ። አንድ ቀን ተቆጥቼ ምክንያቱን ብጠይቅሽ፣ «አንቱ፣ በዜማ የሚጠራ ታቦት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ እኔንም እንዲያ ሲጠሩኝ ቶሎ ምን አስነሣኝ?» አልሽኝ። ለባል እንዲህ ያለ መልስ ድፍረት ነው ብዬ ወደ ዳዊቴ ተመለስሁ። ዛሬ ያ ድፍረት ቢመለስልኝ ብዙ ነገር እሰጥ ነበር።

ቦታው እንዴት እንደሚከፈል ታውቂያለሽ፤ የተናዘዝሽው በፊቴ ነውና። የነፍስ አባትሽና ሽማግሎቹ በተሰበሰቡበት፣ የግቢውን እኩሌታ ትዕግሥት እንድትወርስ ተናገርሽ። ትዕግሥት ከእኔ በፊት ሞጣ ላይ በሰማንያ ከነበርሽበት ቤት የወለድሻት፣ ከአባቷ ዘንድ ያደገች ልጅሽ ናት። እኔም ከራስጌሽ ቆሜ «ይሁን» አልሁ። ካረፍሽ በኋላ አንዳንድ ሰዎች፣ «መሪጌታ፣ ይህ እኮ ሕግ ያለው ነገር ነው፤ ለምን አይከሱም?» አሉኝ። እኔ ለሌላው ሰው ቃል ማጠፍ ውርደት ነው እያልሁ ሳስተምር የኖርሁ ሰው፣ ለሟች የሰጠሁትን ቃል ለጥቂት ክንድ መሬት አላጥፍም ብዬ መለስኋቸው።

የማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው ለኩ። ችካሉ በቤቱና በቧንቧው መካከል ተተከለ። ቤቱ በእኔ በኩል ሆነ። ቧንቧው፣ የጎመን መደብሽ፣ ጌሾውና ያቺ የምትቀመጪባት ድንጋይ በአንቺ በኩል ቀሩ። በአንቺ በኩል እላለሁ፤ በትዕግሥት በኩል ለማለት ምላሴ ገና አልለመደም።

ትዕግሥት ከሞጣ መጥታ በዚያ እኩሌታ ላይ ሁለት ክፍል ቤት ሠራች። ጨዋ ልጅ ናት፤ የማይገባትን አትናገርም፣ ጾሟን አትሽርም። መልኳ ግን አስቸገረኝ። ጎንበስ ብላ ስትኮተኩት ከኋላዋ ያየ ሰው አንቺ ነሽ ይላል። እኔን ተማሪዎቼ እንደሚጠሩኝ «የኔታ» ትለኛለች። እሱን ግን «አባዬ» ትለዋለች።

እሱ አቶ አያሌው ነው፤ ያ የሞጣው እህል ነጋዴ፣ የትዕግሥት አባት። በሳምንቱ መጨረሻ በአውቶቡስ እየመጣ ከልጁ ቤት ይሰነብታል። የባሕር ዛፍ አጣና አምጥቶ በመካከላችን ያለውን አጥር ያጠረው እሱ ነው። ትዕግሥት ከአጥሩ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ክፍተት አስቀረችና፣ «የኔታ፣ እንደ ድሮው ከዚሁ ቅዱ» አለችኝ። አላለፍሁም። ለምን እንደማላልፍ ቆማ ጠየቀችኝ፤ «ይቅር፣ ልጄ» ብቻ አልኋት። የማላልፈው እሱ ከዚያ ስላለ ነው። ከድንጋይሽ ላይ ተቀምጦ ከቧንቧሽ እግሩን ይታጠባል። እየታጠበም ጮክ ብሎ ይስቃል። ስለ ጤፍ ዋጋም ቢሆን ይስቃል።

ወለተ ኪዳን፣ እቀናለሁ። ቅናት ነፍስን እንደ ነቀዝ እንደሚበላ ለስንት ተማሪ ተርጉሜ አስተምሬአለሁ፤ ለነፍስ አባቴም ተናዝዤ ቀኖና ተቀብያለሁ። አልለቀቀኝም። ይህ ሰው ጠጉርሽ ሳይሸብት፣ ወገብሽ ሳይጎብጥ አይቶሻል። ሙሽራ ሆነሽ በበቅሎ ስትገቢ ምን ለብሰሽ እንደ ነበር ያውቃል። ከአንቺ ልጅ ወልዷል፤ እኔ አልወለድሁም። እንዲያውም አንድ ቀን በአጥሩ ሥር ለልጁ፣ «እናትሽ መብረቅ ስትፈራ ጉድ ነበር፤ ከአልጋ ሥር ነበር የምትገባው» ሲላት ሰማሁ። ከእኔ ጋር በኖርሽበት ዘመን ሁሉ መብረቅ ሲጮህ ቀጥ ብለሽ ተቀምጠሽ ትፈትዪ ነበር። መፍራትሽን እንኳ ለእሱ ሰጥተሽ ኖሯል ብዬ ያን ቀን እህል አልበላሁም።

አንድ ነገር ብቻ ያጽናናኝ ነበር። እሱ በሰማንያ ያዘሽ፤ ሰማንያ በሽማግሌ ይታሰራል፣ በሽማግሌ ይፈታል። ተፈታም። እኔ ግን በመቅደስ ፊት አብሬሽ ቆርቤአለሁ፤ ይህንን ሞትም ማዘጋጃ ቤትም አይከፍለውም። በዚህ እመካ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ውሃ የምቀዳው ከደብሩ ደጅ ካለው ቦኖ ነው። ጀሪካኑን በአንድ እጄ፣ መቋሚያዬን በሌላው ይዤ በገበያው መካከል አልፋለሁ። ሰው ከመቀመጫው እየተነሣ ልሸከምልዎ ይለኛል፤ እምቢ እላለሁ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ፣ ምላሷን የምታውቂው ነው፣ ከደጇ ሆና፣ «መሪጌታ፣ ቧንቧው ከአፍንጫዎ ሥር እያለ ደብር ድረስ የሚሄዱት ጠበል ሆኖልዎ ነው?» አለችኝ። መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። መንገዴን ቀጠልሁ፤ ጀሪካኑ ግን ከዚያ በኋላ ከበደኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ከእኛ ግቢ ጀርባ የነበረው የግጦሽ ሜዳ ተሸንሽኖ ለቤት መሥሪያ ተሰጥቷል። አዲስ ጎጆ የወጡ ሰዎች፣ ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች፣ አንድ ሁለት አስተማሪዎች ሰፍረውበታል። ውሃ የላቸውም። የውሃ አገልግሎቱ ቱቦ ሊያቀርብ፣ ሰፈርተኛው ደግሞ ለመስመሩ ማስፋፊያ በየይዞታው እኩል ሊያዋጣና ቦዩን ሊቆፍር ተስማሙ። መስመሩ ከትዕግሥት ቧንቧ ተነሥቶ፣ በእኔ ቤት ጎን አልፎ ወደ ጀርባ ይገባል፤ ሌላ መሄጃ የለውም። መዋጮው ሲደለደል ለትዕግሥት አንድ ድርሻ፣ ለእኔም አንድ ድርሻ ተመደበ።

እኔ ተቃወምሁ። የተቃወምሁት ሰስቼ አይደለም፤ ሰስቶ የሚያውቅ እጅ እንደሌለኝ አንቺ ትመሰክሪያለሽ። የተቃወምሁት፣ ለብቻዬ ድርሻ ካዋጣሁና ለብቻዬ ቆጣሪ ከተከልሁ፣ የእኔና የአንቺ ሁለት መሆናችንን በገዛ እጄ ማጽደቄ ስለ ሆነ ነው። የትዕግሥት ባለቤትነት በኑዛዜሽ የጸና ነው፤ በዚያ ላይ ክርክር አላነሣሁም። ግቢው ግን የባልና የሚስት ግቢ ነው፤ ባልና ሚስት አንድ አካል ናቸው፤ አንድ አካል ሁለት ጊዜ አይቆጠርም አልሁ። ትዕግሥት፣ «የኔታ፣ የሁለታችንንም እኔ ልክፈለው» ብላ ላከችብኝ። ከማን ኪስ እንደሚወጣ ስለማውቅ፣ የጤፍ ንግድ ብር በእኔ ግቢ ውሃ አያፈልቅም ብዬ መለስሁ።

በዚህ ምክንያት በቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሰብሳቢው ወጣት ነው፤ በአክብሮት ወንበር አስቀድሞ ሰጠኝ። ክርክሬን ከጥንት ሥርዓት አንሥቼ አስረዳሁ። ሰዉም አዳመጠኝ። እንዲያውም አንዳንዱ ራሱን እየነቀነቀ ነበር። ሰብሳቢው ግን አንድ ነገር እንዲጣራለት ጠየቀ። ይዞታው የተመዘገበው ሁላችን በምንጠራሽ ስም ነው፤ ኑዛዜሽን የነፍስ አባትሽ ያስረዱት ደግሞ በክርስትና ስምሽ ነው። ስለዚህ፣ «ሁለቱ ስሞች የአንድ ሴት መሆናቸውን የሚመሰክር ሰው አለ?» አለ።

እኔ ተነሣሁ። ከእኔ በላይ ማን ይመሰክራል? መቋሚያዬን አስተካክዬ ቃሌን ሳልጀምር፣ አቶ አያሌው ከኋላ ወንበር ብድግ አለና፣ «እሷው መሆኗን ማን ይጠረጥራል! የመዝገቡን ስም ያወጣችላት የእኔ እናት ናት። ሙሽራ ሆና ስትገባ፣ ከደጃችን ላይ ቅቤ ቀብታ ያወጣችላት ነው» አለ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አማት ለሙሽራ ስም እንደምታወጣ እኔም የጎጃም ልጅ ነኝ፣ አላጣሁትም። ነገር ግን አንቺ ከሞጣ ወደ ቢቸና ስትመጪ ያንን ስም ይዘሽ መጣሽ፤ እኔም የወላጆችሽ ስም ነው ብዬ ተቀበልሁት። ወላጆችሽ በሕይወት አልነበሩም። ወንድምሽ እታለም እንጂ ሌላ ብሎሽ አያውቅም። የእኔ እናት ከጋብቻችን በፊት ስለ ሞተች ስም የሚያወጣልሽ አልነበረም። በዜማ እየጠራሁሽ የኖርሁት ስም የባላንጣዬ እናት ስጦታ ሆኖ ተገኘ። እትዬ ዘነቡ በሹክሹክታ፣ ነገር ግን ሰው ሁሉ በሚሰማው ሹክሹክታ፣ «ውይ፣ መሪጌታ አያውቁም ኖሯል!» አለች። ሰብሳቢው ምስክርነቱን ተቀበለ። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ስም ከአፌ ጠፋ። ቤት ገብቼ እንደ ልማዴ ልጠራሽ ስል የሌላ ሰው ዕቃ ያለ ፈቃድ ያነሣሁ እየመሰለኝ እተወዋለሁ። በዚህ ደብዳቤ ላይም አልጻፍሁትም። ወለተ ኪዳን የምልሽ ይህ ስም የቤተ ክርስቲያን ስለ ሆነ ነው፤ ማንም አማት አላወጣውም።

መስመሩም ቆመ። ቦዩ ከትዕግሥት አጥር ሥር ደርሶ አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ዝናብ ገብቶበት ጭቃ ሆነ። የጀርባ ሰዎች በእኔ ደጅ እያለፉ ውሃ ይሸከማሉ። አንዳቸውም ክፉ አልተናገሩኝም። እንስራ ያዘለች ሴት ጎንበስ ብላ «እንደምን አደሩ፣ የኔታ» ስትለኝ፣ ከዚያ ይልቅ ብትሰድበኝ በተሻለኝ ነበር። ኮሚቴው፣ መሪጌታ እስኪፈቅዱ በር ሰብረን አንገባም አለ። ትዕግሥትም ሳትናገር፣ ጠዋት ጠዋት አንድ ጀሪካን ውሃ በአጥሩ ክፍተት ላይ ታስቀምጥ ጀመር። አልነካሁትም፤ እሷም አላነሣችውም። ጀሪካኑ እዚያው ተደርድሮ ሌላ አጥር ሆነ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ከደጃፌ ዳዊቴን ስደግም፣ አቶ አያሌው በክፍተቱ በኩል ብቅ አለ። ጀሪካኖቹን እየተራመደ መጥቶ ከጤና አዳምሽ አጠገብ ቆመ። ባርኔጣውን አውልቆ ነበር። መዝሙሬን ሳልጨርስ ቀና አልልም ብዬ ደገምሁ፤ ጨርሼም ሌላ ጀመርሁ። ቆሞ ጠበቀኝ። በመጨረሻ፣ «መሪጌታ፣ ውሻ እንኳ ከደጅ ሲቆም ሂድ ይባላል» አለኝ። ሥርዓት ነውና ተነሥቼ መደቡን አሳየሁት። አልተቀመጠም። የሞጣው አውቶቡስ እንዳያመልጠው፣ የመጣውም ስለ ውሃው ሊለምነኝ እንዳልሆነ ነገረኝ። ከዚያ የሚናገረውን ተናግሮ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣ በመጣበት ተመለሰ። ሲሄድ አልሳቀም። እንደ እኔው ማርጀቱን ያን ቀን አየሁ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሰብሳቢው ሄጄ ፈቃዴን ሰጠሁ። ድርሻዬን ከገዛ እጄ አዋጥቻለሁ፤ ቆጣሪውም ለብቻዬ በስሜ ይተከላል። አንድ አካል ነን ያልሁትን አላጠፍሁም። ነገር ግን ይህንን የሚያጸናው ቱቦ አለመሆኑ ገባኝ። ያዘዝኋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቦዩ ጤና አዳምሽን እንዳይነካ ዞር ብሎ እንዲያልፍ። ሳይከራከሩኝ አዞሩት። ትናንት ቆፋሪዎቹ በቤቱ ጎን አልፈዋል። ትዕግሥት ለሰዎቹ እንጀራ ስታቀርብ እኔም ከመካከላቸው ተቀምጬ በላሁ፤ እትዬ ዘነቡም፣ «እሰይ፣ ጠበሉ ቀረ በሉኛ!» ብላ አሳቀችብኝ። ቅር አላለኝም።

ቅናቴ በረደ ብዬ አልዋሽሽም። በበቅሎ የገባሽበትን ቀን፣ የመብረቁን ፍርሃት፣ ልጅሽን አሁንም እመኛቸዋለሁ። እስከ መቃብሬ ይዤያቸው የምሄድ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ከእኔ ጋር የነበረ፣ ሌላው ሰው ደጅ ቆሞ የተመኘው አንድ ነገር እንዳለ አሁን አውቃለሁ።

ስለዚህ ቃል እገባልሻለሁ። በደብሩ፣ በዕጣኑና በጸሎቱ ሰዓት በወለተ ኪዳን አስብሻለሁ። ቤቴ ውስጥ ግን፣ ከመደቡ ላይ ሆኜ፣ ድምፄ እስከ ወጣልኝ ድረስ በዚያው በድሮው ስም እጠራሻለሁ። እንደ ልማድሽ አንዴ ተጠርተሽ ባትመጪም ደግሜ እጠራሻለሁ። ይህንን ለማድረግ ፈቃድ የሰጠኝ ያ ሰው ነው ብል አታምኚኝ ይሆናል። ስለዚህ በዚያ እሑድ ከደጄ ቆሞ የተናገረኝን አንድ ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ እጽፍልሻለሁ፦

«መሪጌታ፣ ስሙን እናቴ አወጣችው እንጂ እኔ አንድ ቀን ጠርቻት አላውቅም። ‹አንቺ› ነበር የምላት። ልጅቷን ላሳያት ሳመጣ ግን ከእርስዎ በር ላይ ቆሜ፣ እርስዎ ከውስጥ ሲጠሯት እሰማ ነበር። ጥሩወርቅ መሆኗን የሰማሁት ከእርስዎ አፍ ነው።»